የመርከብ ሽርሽር በኢትዮጵያ

የመርከብ ሽርሽር ማለት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ለመድረስ ብቻ ሳይሆን፣ በውኃ ላይ የሚያልፈውን ጊዜ ራሱን እንደ መዝናኛ በመቁጠር በመርከብ ወይም በጀልባ የሚደረግ ጉዞ ነው። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ ይህ ጉዞ የሚካሄደው መኝታ ክፍል፣ ምግብ ቤት፣ ቲያትር ቤትና መዋኛ ገንዳ በአንድነት በያዙ ግዙፍ መርከቦች ነው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር የሌላት አገር በመሆኗ እንዲህ ዓይነት መርከብ የላትም። ሆኖም በወንዞቿና በሐይቆቿ ላይ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የሆነው የመርከብ ጉዞ ታሪክ አላት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተሳፋሪው የተዝናናው በአብዛኛው ለሌላ ሥራ በተሠራ መርከብ ላይ ነው። በባሮ ወንዝ መርከቦቹ የመጡት ቡና ለመጫን፣ በቀይ ባሕር የአገር ጠረፍ ለመጠበቅና ሸቀጥ ለማመላለስ፣ በጣና ሐይቅ ደግሞ የደሴትና የዳርቻ ነዋሪዎችን ከገበያ ጋር ለማገናኘት ነበር። በዚህም ምክንያት የጉዞው ደስታ ዕድሜ በሥራው ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ሆኗል። ጭነቱ ሲቀር የባሮ ጉዞ ቀርቷል፤ ነዋሪው መርከቡን የሚፈልገው በመሆኑ ደግሞ የጣና ጉዞ ቆይቷል።

አነሣሡ በዓለም

በባሕር ላይ ለመዝናናት ብቻ መጓዝ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት መርከብ የሚሳፈረው ነጋዴ፣ ስደተኛ፣ ወታደር ወይም ወደ ቅዱሳት ቦታዎች የሚሄድ ምእመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 አንድ የእንግሊዝ የመርከብ ኩባንያ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሥቶ የሜዲትራኒያን ባሕርን የሚያስጎበኝ ጉዞ በማስታወቂያ አወጣ። በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ቶማስ ኩክ የተባለው የእንግሊዝ አስጎብኚ ድርጅት በግብፅ የናይል ወንዝ ላይ ጎብኚዎችን በእንፋሎት መርከብ ማጓጓዝ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1891 የሐምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ አልበርት ባሊን «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከብ 241 መንገደኞች አሳፍራ ሜዲትራኒያንን እንድትዞር ላከ። መርከቧ በዘወትር ሥራዋ በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል የምትመላለስ ነበረች። በክረምት ወራት አትላንቲክን ለመሻገር የሚደፍር መንገደኛ ጥቂት ስለሆነ፣ ሥራ ፈትታ ከመቆም ሞቃታማ ባሕር ላይ ብታስጎበኝ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበር። ለሽርሽር ብቻ ታስባ የተሠራችው የመጀመሪያ መርከብ «ፕሪንሴሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ» የተጠናቀቀችውም በዚሁ ኩባንያ በ1900 ነው።

የጄት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ አትላንቲክን በሰዓታት ማቋረጥ ሲጀምር መርከብ የመጓጓዣነት ድርሻውን በፍጥነት አጣ። ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን ሸጡ፤ ሌሎቹ ወደ ሽርሽር አዞሯቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» 365 ሜትር ገደማ ርዝመትና 20 ደርቦች ያሏት ሲሆን፣ ከሠራተኞቿ በተጨማሪ ከ7,000 በላይ መንገደኞችን መያዝ ትችላለች።

የባሮ ወንዝ መርከቦች

ባሮ የንግድ መርከብ ለረጅም ጊዜ የተመላለሰበት የኢትዮጵያ ወንዝ ነው። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋዎች ወርዶ በጋምቤላ ሜዳ ይፈስና ከፒቦር ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል። ሶባት ደግሞ በማላካል አቅራቢያ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በዚህ መስመር ክረምት ላይ ከካርቱም የተነሣ መርከብ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጋምቤላ ድረስ መዝለቅ ይችል ነበር።

የመስመሩ ሕጋዊ መሠረት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የተፈራረሙት የድንበር ውል ነው። በውሉ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ዳርቻ በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ፈቀዱ። ቦታው በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ እንዲጸና ተወስኗል። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ነው።

የጣቢያው ዋና ሸቀጥ ቡና ነበር። ከኢሉባቦር፣ ከወለጋና ከከፋ በኩል የተሰበሰበው ቡና በሲራራ ነጋዴ እየተጫነ ወደ ጎሬ ይደርስና በቡሬ በኩል ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ቆላው ለጋማ ከብት የማይስማማ በመሆኑ የመንገዱ የመጨረሻ ክፍል ከባድ ነበር። ከቡናው ጋር ሰምና ቆዳ ይጫናል፤ መርከቦቹ በምትኩ ጨው፣ አቡጀዲና ሌላ የፋብሪካ ዕቃ ያመጣሉ። በጋምቤላና በጎሬ ከኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ጋር የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ይሠሩ ነበር።

በመርከቡ ላይ የነበረው ሕይወት

በነጭ ዓባይና በሶባት ላይ ይሠሩ የነበሩት የሱዳን መንግሥት መርከቦች ከኋላቸው በሚሽከረከር ትልቅ መቅዘፊያ የሚንቀሳቀሱ፣ ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ የእንፋሎት መርከቦች ነበሩ። ወንዙ ጥልቀት ስለሌለው ይህ አሠራር ግድ ነው። ማገዶአቸው እንጨት ስለነበር በወንዙ ዳር በተዘጋጁ የእንጨት ማከማቻዎች እየቆሙ ይጭናሉ። በጎንና በፊት ባርጅ የሚባሉ ሞተር የሌላቸው የጭነት ጀልባዎች ታስረውላቸው ስለሚጓዙ፣ አንድ መርከብ ከሩቅ ሲታይ ተንሳፋፊ መንደር ይመስላል።

የመንገደኛው ምቾት በከፈለው ልክ የተለያየ ነበር። የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች፣ ማለትም የመንግሥት ሹሞች፣ ቆንስሎች፣ ሚሲዮናውያንና ሀብታም ነጋዴዎች፣ በላይኛው ደርብ የመኝታ ክፍል ያገኛሉ። ምግባቸው ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል፤ ምሽቱንም ከወባ ትንኝ በሚከላከል የሽቦ ወንፊት በታጠረ ሰገነት ላይ ሲጨዋወቱ ያሳልፋሉ። ተራው መንገደኛ ግን ባርጁ ላይ በጭነት መካከል ምንጣፉን ዘርግቶ ይተኛል፤ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል ወይም እዚያው ያበስላል። የመርከቡ ሠራተኛ ደግሞ በእሳቱና በማገዶው መካከል ይውላል።

ሁሉም በእኩል የሚካፈሉት መዝናኛ ወንዙን ማየት ነበር። መርከቡ የሚሄደው በዝግታ ስለሆነ በዳርቻው የሚሰማሩት የኑዌር ከብቶች፣ የአኙዋክ መንደሮች፣ ጉማሬዎች፣ አዞዎችና ልዩ ልዩ ወፎች ለረጅም ጊዜ በዓይን ይከተላሉ። በዘመኑ አንዳንድ አውሮፓውያን ተጓዦች ከመርከብ ላይ አውሬ መተኮስን እንደ ጨዋታ ይቆጥሩት ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የዓለም ክፍል የሽርሽር ጉዞ ይህ ቦታውን ለፎቶግራፍ ለቋል። መርከቡ መንደር አጠገብ ሲቆም የዳርቻው ሰው ዓሣ፣ ዶሮና ወተት ይዞ ይወጣል፤ ለመንደሩም የመርከቡ መምጣት የገበያና የወሬ ቀን ነው።

ጉዞው የወቅት ነበር። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ትልልቅ መርከቦች ጋምቤላ መድረስ አይችሉም። የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ሊቀር ይችል ስለነበር ነጋዴው ቡናውን፣ መንገደኛውም ጉዳዩን ውኃው ሳይጎድል መፈጸም ነበረበት።

የመስመሩ መጨረሻ

የባሮን መስመር ያዳከሙት ነገሮች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ለአገሪቱ ንግድ ሌላ በር ከፈተ። የጣሊያን ወረራና ጦርነቱ ንግዱን አቋረጠው። ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፉት የመኪና መንገዶች የምዕራቡንና የደቡብ ምዕራቡን ቡና ወደ መሐል አገር ሳቡት። እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ውል ዘመን አበቃና ጋምቤላ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ሆነች። በደቡብ ሱዳን የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነትም ወንዙን ለመደበኛ ጉዞ አስጊ አደረገው።

በኋላ ዘመን በሚዛን ተፈሪ አካባቢ በበበቃና በቴፒ የተስፋፉት ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ከጋምቤላ የራቁ ባይሆኑም፣ ምርታቸው የሚሄደው በጭነት መኪና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ነው። ቡናው መንገዱን ሲቀይር በላይኛው ደርብ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ሲያይ የሚውለው መንገደኛም አብሮ ጠፋ። ለመንገደኛ ብቻ መርከብ የሚያንቀሳቅስ አልነበረምና።

በኦሞ ወንዝ

ከደቡብ ምዕራብ የቡና አገር በስተደቡብ፣ በማጂ ተራሮች አጠገብ ካለችው ከቱም በስተምሥራቅ፣ የኦሞ ወንዝ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይፈሳል። ወንዙ ፏፏቴና ድንጋያማ ፈጣን ውኃ ስለሚበዛበት የእንፋሎት መርከብ አይሄድበትም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ለመዝናናት ብቻ ተብሎ ከተደረጉት የወንዝ ጉዞዎች ታዋቂው የተጀመረው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊና ጓደኞቹ በአየር በተነፋ የጎማ ጀልባ ኦሞን ወረዱ። ከዚያም በጥንታዊው የግብፅ የአዞ አምላክ ስም «ሶቤክ» ብለው የሰየሙትን አስጎብኚ ድርጅት አቋቋሙ።

ጉዞው ከቅንጡ መርከብ ጋር የሚመሳሰለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጓዡ የሚሄደው ለመድረስ ሳይሆን በውኃው ላይ ለመቆየት ነው። ቀን ይቀዝፋሉ፤ ማታ በአሸዋማ ዳርቻ ድንኳን ተክለው እሳት ያነዳሉ። ጉማሬና አዞ የሚበዛበት በመሆኑ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዞ ነው።

የወንዙ መልክ ዛሬ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ከኋላው ረጅምና ጠባብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። በዳውሮ በኩል በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት የተሠራው የሐላላ ኬላ መዝናኛ በዚሁ ሐይቅ አጠገብ ይገኛል። ቀድሞ በጎማ ጀልባ ከድንጋይ ጋር እየታገሉ ያልፉበት የነበረው ሸለቆ በዚህ ክፍል በሞተር ጀልባ የሚንሸራሸሩበት የረጋ ውኃ ሆኗል።

በቀይ ባሕር

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን ምጽዋ ለኢትዮጵያውያን የባሕር መዝናኛ ነበረች። የንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቋቋም ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች። በየዓመቱ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ይገኙ ነበር፤ የልዩ ልዩ አገሮች የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ወደቡ ላይ ይሰለፉ ነበር። ለተጋባዡ እንግዳ በዓሉ ሰልፍም ግብዣም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት መርከቦች የጭነት መርከቦች ናቸው፤ ዛሬ ሥራቸውን የሚያካሂዱት በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ለጊዜው ፈረሰ፤ በባሕር ላይ የሚደረገው መዝናኛም በዚያው ተቋረጠ።

በጣና ሐይቅ

ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅና የዓባይ መነሻ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጥልቀቱ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። የሐይቁ ጥንታዊ መጓጓዣ ከደንገል የሚታሠረው ታንኳ ሲሆን፣ በአሠራሩ በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ የታወቀ ነው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ነገር ግን ደንገሉ እዚያው ዳርቻ ላይ ስለሚበቅል መተካቱ አያስቸግርም።

የሞተር ጀልባ ሐይቁ ላይ ከገባ በኋላ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ ደሴት፣ ቁንዝላ፣ ደልጊና ጎርጎራ በመደበኛ ጉዞ ተገናኙ። ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ማለዳ የሚነሣው መርከብ በምዕራባዊው ዳርቻ ላይ እየቆመ ይሄድና ቁንዝላ ያድር ነበር፤ በማግስቱ ሰሜናዊው ጫፍ ጎርጎራ ይገባል። በአገሪቱ ውስጥ ከባሕር ላይ ሽርሽር ጋር የሚቀራረበው ጉዞ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በመንገድ ያሳድራል፣ ወደብ ወደብ እየቆመም ያስጎበኛል። መርከቡ የሚሄደው ግን ለጎብኚ ተብሎ አይደለም። አብዛኛው ተሳፋሪ ገበያ የሚውል፣ እህል የሚጭን፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ወይም ለበዓል ወደ ገዳም የሚሳለም ሰው ነው። ጎብኚው ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ጨዋታቸውን ይሰማል፤ የተቆረሰለትን ይቀምሳል፤ በየወደቡ የሚወርደውንና የሚወጣውን ያያል።

የአንድ ቀን ጉዞ

በባሕር ዳር የተለመደው የጎብኚ ጉዞ የግማሽ ወይም የሙሉ ቀን ነው። ጀልባዎች የሚነሡት በአብዛኛው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ሐይቁ ይናወጣል። በአጭሩ ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘው ዘጌ ይደርሳሉ። እዚያ በቡና ደን ውስጥ በእግር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ አዝዋ ማርያም ይወጣሉ፤ ክብ በሆኑት አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያያሉ። ሲመለሱ ጀልባው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ቦታ ጎራ ይላል፤ ጉማሬ የሚታየው እዚያ ነው።

በረጅሙ ጉዞ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራችው ናርጋ ሥላሴና ዳጋ እስጢፋኖስ ይጎበኛሉ። በዳጋ ገዳም የጥንት ነገሥታት አፅም በሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳማት ስለሆኑ ሴቶች አይገቡባቸውም። ስለዚህ ከሴት እንግዶች ጋር የሚሄድ ጀልባ ከክብራን አጠገብ ወዳለችው ወደ እንጦስ ያቀናል። ደሴቶቹ የጸሎት ቦታዎች በመሆናቸው ተጓዡ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎና ተገቢ ልብስ ለብሶ መግባት ይጠበቅበታል።

አዳዲስ ጅምሮች

እ.ኤ.አ. በ2025 «ጣናነሽ ፪» የተባለችው ዘመናዊ መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመረች። መርከብ በተሽከርካሪ ተጭና ተራራ ስትወጣ ለማየት በየከተማው ሕዝብ መንገድ ዳር ወጥቶ ተቀብሏታል። የባሕር በር በሌለው አገር አንድ መርከብ ከሐይቅ ለመድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ይህ ጉዞ በግልጽ አሳይቷል። በሐይቁ ሰሜን የሚገኘው የጎርጎራ መዝናኛም እንደ ሐላላ ኬላ ሁሉ ከ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክቶች አንዱ ነው።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ከኋላው «ንጋት» የተባለውን ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ የሚችለው ይህ ሐይቅ በውስጡ ደሴቶች ስላሉት ለወደፊቱ የጀልባ መዝናኛ ቦታ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል።

ሌሎች ሐይቆች

በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ባሉ ሐይቆች የሚደረገው የጀልባ ሽርሽር አጭር ቢሆንም ብዙ ሰው የሚሳተፍበት ነው። በአርባ ምንጭ የጫሞ ሐይቅ ጀልባዎች «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳርቻ ይወስዳሉ፤ ብዙ አዞዎች ፀሐይ ሲሞቁ የሚታዩት በዚያ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ከጥንታዊ የማርያም ገዳም ጋር የምትታወቀው የቱሉ ጉዶ ደሴት ትጎበኛለች። በሐዋሳ የፍቅር ሐይቅ ዳርቻና አሞራ ገደል፣ በቢሾፍቱ ባቦጋያ፣ በወንጪም በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ የሳምንት መጨረሻ መዝናኛዎች ናቸው።

በትልልቅ መርከቦች ላይ ያለው ሕይወት

በዓለም ባሕር ላይ በሚደረገው ሽርሽር መንገደኛው ለመኝታ፣ ለምግብና ለመዝናኛ በአንድነት ከፍሎ ይሳፈራል። በየቀኑ የዕለቱ መርሐ ግብር ይነገረዋል፤ ጠዋት ስፖርትና ዋና፣ ቀን የምግብ አሠራርና የጭፈራ ትምህርት፣ ማታ ሙዚቃና ቲያትር ይቀርባል። መርከቡ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይጓዝና ጠዋት አዲስ ወደብ ላይ ይቆማል፤ መንገደኛው ቀኑን በከተማው ሲጎበኝ ውሎ ማታ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የቁማር ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከወደብ ርቆ ሲወጣ ነው፤ ይህም የወደቡ አገር ሕግ ስለሚከለክል ነው።

በባሮ መርከቦች ላይ የነበረው የደርብ ልዩነት በአዲሶቹም አልጠፋም። የመንገደኛው ክፍል መስኮት ያለው ወይም የሌለው፣ ሰገነት ያለው ወይም ግድግዳ ብቻ የሚያይ እንደ ክፍያው ይለያያል። ከሁሉ በታች ደግሞ የሠራተኛው መኖሪያ አለ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከህንድ የመጡ ሲሆኑ ለወራት ያለ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሠራተኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ያዝዛል። ብዙ መርከቦች እንደ ባሃማስና ፓናማ ባሉ አገሮች ባንዲራ የሚመዘገቡት በግብርና በሠራተኛ ሕግ በኩል ጥቅም ስለሚያገኙ ነው።

ኢትዮጵያም ለዓለም መርከቦች ባለሙያ ታወጣለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ለመርከብ መኮንንነት ያዘጋጃል። ምሩቃኑ በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች፣ በተለይም በጭነት መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ።

ደኅንነት

በውኃ ላይ መዝናናት ከአደጋ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 «ታይታኒክ» ስትሰጥም የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ለተሳፋሪዋ ሁሉ አይበቁም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ የሕይወት ደኅንነት ስምምነት ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» በጣሊያን የጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ስትገለበጥ 32 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የአደጋ ጊዜ ልምምድ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ እንዲደረግ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በጃፓን ዮኮሃማ በታገደችው «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች 712ቱ በኮሮና ቫይረስ ተይዘዋል። ይህም ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር መኖሩ በሽታን ምን ያህል እንደሚያፈጥን አስተምሯል።

በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ አደጋ ሊያስከትሉ የሚችሉት ነገሮች ከመጠን በላይ መጫን፣ ድንገተኛ ነፋስና የሕይወት አድን ጃኬት አለመልበስ ናቸው። ተሳፋሪው ከመነሣቱ በፊት ጃኬት መኖሩን ማየት፣ የሰው ቁጥር ከጀልባው አቅም እንዳያልፍ መጠየቅና ከጉማሬ መራቅ ይገባዋል። ሐይቁ ሲናወጥ መነሻውን ማዘግየት የጀልባ ነጂው ሥልጣን ነው፤ ተሳፋሪው ቸኩሎ ሊያስገድደው አይገባም።

በአካባቢ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ትልልቅ መርከቦች ብዙ ነዳጅ ያቃጥላሉ፤ ፍሳሽና ቆሻሻም ያመነጫሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን በአንድ ጊዜ በትንሽ ከተማ ላይ ያወርዳሉ። በዚህ ምክንያት የጣሊያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ትልልቅ መርከቦች በቬኒስ ታሪካዊ መሐል ከተማ እንዳያልፉ ከልክሏል።

በጣና ላይ ችግሩ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበው የእምቦጭ አረም በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ጀልባ እንዳያልፍ ይዘጋል፣ መረብ ይይዛል፣ ለዓሣ የሚያስፈልገውን ብርሃንና አየር ይቀንሳል። አረሙን የሚያፋፋው ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ደለል፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች በእጃቸው፣ ባለሥልጣናትም በማሽን ሲያስወግዱት ቢቆዩም አረሙ በፍጥነት ተመልሶ ይባዛል። ለጎብኚው ይህ የአንድ ቀን ሽርሽር መበላሸት ነው፤ ለደቅ ደሴት ነዋሪና ለዓሣ አስጋሪው ግን የመንገድና የእንጀራ ጉዳይ ነው። የባሮ መስመር ጭነቱን ሲያጣ እንደተዘጋ ሁሉ፣ የጣና ጉዞም የሚቀጥለው መርከቡን ለዕለት ኑሮው የሚፈልገው ነዋሪ በሐይቁ ላይ መኖር ከቻለ ነው።